ጆሮም ይጠየቃል

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራችሁ ካላችሁ እስከ መግሪብ ጊዜ አለና መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ ይህ ጽሑፍ የትም አይሄድም።

ኹጥባ ላይ መናገር እንደማይፈቀድ ሁላችንም እናውቃለን። ኢማሙ ኹጥባ እያደረገ አጠገቡ ያለውን ሰው «ዝም በል» ያለ እንኳ ውድቅ ነገር እንደ ተናገረ ይቆጠርበታል፤ ሐዲሱን ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። እዚያው ቡኻሪ ውስጥ ግን አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የሚያወሩልን አንድ ጁሙዓ አለ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው ኹጥባ እያደረጉ ነው። አንድ ሰው ከሚንበሩ ትይዩ ባለው በር ገባ። አልተቀመጠም። እንደ ቆመ ፊቱን ወደ እሳቸው አዙሮ ከብቱ እያለቀ፣ መንገዱም እየተቋረጠ መሆኑን ተናገረና ዝናብ እንዲለምኑላቸው ጠየቀ።

እስኪ አስቡት። የጁሙዓ ኹጥባ ነው። ተናጋሪው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ጀመዓው ጸጥ ብሏል። በዚህ መሃል አንድ ሰው ቆሞ ስለ ከብትና ስለ መንገድ አቤት ይላል። ሶላቱ ሲያልቅ ና አላሉትም። የዛሬው ርዕስ ሌላ ነው አላሉትም። ኹጥባቸውን ገታ አድርገው እጃቸውን ለዱዓ አነሱ። አነስ እንደሚሉት ሰማዩ ላይ ቁራጭ ደመና እንኳ አልነበረም፤ በእነሱና በሰልዕ ተራራ መካከልም እይታ የሚጋርድ ቤት አልነበረም። ከተራራው ጀርባ ጋሻ የምታህል ደመና ብቅ አለች፣ ሰማዩ መሃል ስትደርስ ተዘረጋች፣ ከዚያ ዘነበ። ሳምንት ያህል ፀሐይ እንዳላዩ ይናገራሉ።

ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ ብዙ ፊቅህ አውጥተዋል። አንዱ፣ ለሚያስፈልግ ጉዳይ ኸጢቡን ማናገር ይቻላል የሚለው ነው። ዝም በሉ የተባለው ጀመዓው እርስ በርሱ እንዳያወራ ነው፤ ጉዳይ ይዞ ለመጣ ሰው ግን በሩ አልተዘጋም።

ይህን ሐዲስ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወዳልጠበቃችሁት ቦታ ይሄዳል፤ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ወደ አንድ የሬዲዮ ስቱዲዮ።

ሰውየው ኮጆ ናምዲ ይባላሉ። በ1945 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የቅርብ ዘመን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋያና በምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር ተወለዱ። ለትምህርት ወደ ካናዳ ሄዱ፤ በ60ዎቹ መጨረሻ የጥቁሮች የመብት ትግል ስቧቸው አሜሪካ ገቡ፤ ኋላም ዋሽንግተን ሲደርሱ እዚያው ቀሩ። በፊት ስማቸው ሬክስ ፖል ነበር። ኮጆ በጋና አካኖች ዘንድ ሰኞ ለተወለደ ወንድ የሚሰጥ ስም ነው፤ እሳቸው ለራሳቸው መረጡት። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ ጣቢያ ሠሩ፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቴሌቪዥንም ለረጅም ዓመታት የውይይት ፕሮግራም መሩ። በ1998 ደግሞ 88.5 ኤፍ ኤም ላይ ወደሚገኘው የሕዝብ ሬዲዮ፣ ደብሊው ኤ ኤም ዩ፣ ተሻገሩ። የሕዝብ ሬዲዮ ማለት ለትርፍ የማይሠራ፣ አድማጩ ራሱ በሚያዋጣው ገንዘብም የሚተዳደር ጣቢያ ነው። እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ በየሥራ ቀኑ፣ ቀትር ላይ፣ ማይክ ፊት ተቀምጠው የአካባቢውን ሰው ስልክ ተቀበሉ። አንዳንዴም ስቱዲዮውን ትተው ወደ ሰፈሮቹ ወርደው ነዋሪውን እዚያው ያወያዩ ነበር። የየዕለቱ ፕሮግራም በ2021 ኤፕሪል ወር ሲያበቃ የዓርቡን አልተዉም።

ያ የዓርቡ ፕሮግራም «የፖለቲካ ሰዓት» የሚል ስም አለው። ከንቲባ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል፣ የጎረቤት ግዛት ባለሥልጣን እንግዳ ሆኖ ይመጣል። የከተማዋን ፖለቲካ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ጋዜጠኛ ቶም ሼርዉድ አብሮ ይጠይቃል። ስልኩም ክፍት ነው። ሰዓቱ ዓርብ ቀትር ነው፤ እኛ ኹጥባ ለመስማት በምንቀመጥበት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው። ጆርጂያ በሚባለው ጎዳና ላይ ፈርስት ሒጅራ የተባለ የኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መስጂድ አለ፤ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን መኪናውን አቁሞ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ ውዱእ ለማድረግ በሚጣደፍበት ሰዓት ኮጆ ማይካቸውን ይከፍታሉ።

ዋሽንግተን ሲባል ዓለም የሚያስበው ዋይት ሐውስን ነው። የጦርነትና የእርቅ ወሬ የሚወጣበት ከተማ። ግን ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፤ ያ ሰው ግብር ይከፍላል፣ በአገሪቱ ምክር ቤት ግን ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም። ለዓለም የሚናገር ከተማ ነው፤ የራሱ ሰፈር ሲናገር ግን ሰሚ ለማግኘት ይቸገራል። በ2004 መጀመሪያ ላይ በሺዎች በሚቆጠሩ የከተማዋ ቤቶች የቧንቧ ውሃ ውስጥ ከሚፈቀደው በላይ እርሳስ እንዳለ ይፋ ሆነ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። እናት ወተት የበጠበጠችበት ውሃ ማለት ነው። የአካባቢ ሬዲዮ የሚኖረው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ለውሃ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለቤት ኪራይ፣ ለምድር ባቡር፣ ለታክሲ። የከብትና የመንገድ ጉዳይ እንበለው።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ የዲን ሰው አይደለም፤ ሥራው ዱንያ ነው፤ ከሱ ምን እንማራለን?» ትሉ ይሆናል። ስለ ልባቸውና ስለ ኒያቸው የሚያውቀው አላህ ነው፤ እኔም ምንዳ አከፋፋይ አይደለሁም። ግን ሒልፈል ፉዱልን አስታውሱ። ከየመን የመጣ አንድ የዙበይድ ሰው መካ ላይ ዕቃውን ለዓስ ኢብኑ ዋኢል ሸጠ፤ ዓስ ገንዘቡን ከለከለው። ሰውየው ዘመድ የለውም፣ ጎሳ የለውም። ቁረይሾች ካዕባ ዙሪያ በተቀመጡበት ሰዓት አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን ጮኸ። (አቡ ቁበይስ የዚያ ዘመን አንቴና ነበር ብል ተጋነነ አትበሉኝ።) ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ ማንም መካ ውስጥ ቢበደል ሐቁ እስኪመለስ አብረውት ሊቆሙ ቃል ተጋቡ። ይህ ከነቢይነት በፊት ነው፤ ተሰብሳቢዎቹም ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እዚያ መገኘታቸውን በኋላ በደስታ አስታውሰው፣ በእስልምና ዘመንም ወደ መሰል ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። ፍትሕ ያደረገ ማንም ቢሆን ሥራው ፍትሕ ነው።

ወደ ርዕሴ ልምጣ። በሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) መስሚያ፣ ማያና ልብ ሁሉም ተጠያቂ እንደሆኑ ይነግረናል። ይህን አያ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው በአንድ በኩል ነው፤ ሐራም አትስሙ፣ ሐሜት አትስሙ። ልክ ነው። ግን እኔ እንደምረዳው ጥያቄው እዚያ ላይ አያበቃም። ጆሮ ገብቶ ስለ ተቀመጠበት ክፉ ወሬ ብቻ ሳይሆን፣ ሰምቶ ስለ ተወው አቤቱታም ይጠየቃል።

ፈርድ ኪፋያን የተማራችሁ ይህ አይከብዳችሁም። ሰፈር ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው ሞተ እንበል። አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሰግዶ መቅበር ግዴታ ነው። በማን ላይ? መሞቱን ባወቀና በቻለ ሰው ላይ። ከነሱ የተወሰኑት ከፈጸሙት ከሁሉም ላይ ይነሳል፤ ማንም ካልፈጸመው ያወቁት ሁሉ ወንጀለኞች ናቸው። ሌላ ከተማ ያለ፣ ወሬው ያልደረሰው ሰው ግን አይጠየቅም። ግዴታው የሚዞረው በማወቅና በመቻል ላይ ነው ማለት ነው። እንግዲህ መስማት ለምን እንደሚከብደን ከዚህ ይገባችኋል። መስማት ዕዳ ያመጣል። ያልሰማ ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል፤ የሰማ ሰው ግን ወይ መነሳት አለበት ወይ ለምን እንዳልተነሳ መልስ ማዘጋጀት አለበት። ስለዚህ ብዙዎቻችን ጨካኞች ሳንሆን ያልሰማን መሆንን እንመርጣለን። ደረጃው ላይ የምታለቅሰዋን ጎረቤት ላለማግኘት ዘግይቶ የሚወጣ ሰው አለ።

የኮጆ ናምዲን ሥራ ከዚህ አንፃር እዩት። አንዲት ሴት ደውላ የቧንቧዋን ውሃ ልጆቿ ይጠጡት እንደሆነና እንዳልሆነ መሥሪያ ቤቱ መልስ አልሰጠኝም ስትል፣ ያ ነገር እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሷና የኩሽናዋ ነገር ነው። ማይኩ ውስጥ ሲገባ ግን የከተማው ሁሉ ይሆናል። ከንቲባውም፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱም፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ የሚያዳምጠውም «አልሰማሁም» የምትለዋን ቃል ያጣታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠሩት ይህንን ነው፤ አንድን ከተማ «አልሰማሁም» ማለት እንዳይችል አደረጉት። ሬዲዮ ውሃ አያጣራም፣ ቧንቧ አይቀይርም። የቸልተኝነትን ሰበብ ግን ይወስዳል።

የራሳችንን ቋንቋ ደግሞ ልብ በሉ። እናታችን ስማችንን ስትጠራን «አቤት» እንላለን። ስንበደልም አቤት እንላለን፤ አቤቱታ ከዚያው ቤት ነው። የተጠራውም የተበደለውም የሚያወጡት አንድ ቃል ነው። ተበዳዩ አቤት ሲል የሚጠብቀው ከወዲያ በኩል ሌላ አቤት ነው፤ ሰማሁህ፣ አለሁ የሚል። ያ መልስ ሲጠፋ ነው አባቶቻችን ሰሚ ያጣ ጩኸት ያሉት። በሰፈራችን የሚጠፋው ጩኸት ሳይሆን ሰሚ ነው።

በዲናችን ታሪክ ሰሚ ያገኘ አቤቱታ የትኛው ነው ብትሉኝ የኸውላ ቢንት ሠዕለባን (ረ.ዐ) እነግራችኋለሁ። ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ ብሏት፣ በጃሂሊያ ልማድ ፈትቷት አይሉት ይዟት አይሉት አንጠልጥሏት ቀረ። የባልና ሚስት ጠብ ነው። የአንድ ቤት ጉዳይ። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ተከራከረች። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እዚያው ቤት ውስጥ ሆነው የተወሰነው ንግግሯ እንዳልተሰማቸው ይናገራሉ፤ አላህ ግን ከሰባት ሰማያት በላይ ሰማት፣ የአንድ ሱራም መጀመሪያ በሷ ጉዳይ ወረደ። ሱረቱል ሙጃደላን ስትቀሩ ሱራው በምን እንደሚጀምር እዩ፤ ሕጉ ከመነገሩ በፊት መሰማቷ ነው የተነገረው።

የተፍሲር ሰዎች ቀጥለው የሚያወሩት አለ። ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆነው ከሰዎች ጋር ሲሄዱ አንዲት አሮጊት አስቆመቻቸው። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ሰዓት አዳመጧት። አብሯቸው ከነበሩት አንዱ ለአንዲት አሮጊት ብለው የቁረይሽ ሰዎችን ማቆማቸው ገርሞት ተናገረ። ዑመር ማን መሆኗን ነገሩት፤ አላህ የሰማት ኸውላ ናት፣ እስከ ሌሊት ብታቆመኝም ለሶላት ካልሆነ በቀር ጥያት አልሄድም ነበር አሉ። ኢብኑ ከሲር በዚህ ዘገባ ሰነድ ላይ መቆራረጥ እንዳለ፣ በሌላ መንገድም እንደ ተወራ ጠቁመዋል፤ ስለዚህ እንደ ታሪክ እንጂ እንደ ሕግ ማስረጃ አልጠቅሰውም። ግን ዑመርን የሚያውቅ ሰው አይገርመውም።

አሁን ደርስ ላይ ደጋግማችሁ ወደምታነሱት ጥያቄ እንምጣ። የባለሥልጣን ጉድለት አደባባይ ላይ ማውራት ጊባ አይሆንም ወይ? ሐሜት ሐራም ነው፤ የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ነው የተመሳሰለው። ታዲያ ሰው ደውሎ እገሌ የሚባል ሹም ይህን አላደረገልኝም ሲል ምን ይባላል?

ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ ባሏ አቡ ሱፍያን ቆንቋና መሆኑን፣ ለሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ተናግራለች። ባሏ እዚያ አልነበረም፣ የጠቀሰችውም ነውሩን ነው። አላስቆሟትም፤ ለሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በአግባቡ እንድትወስድ ፈቀዱላት። ኢማም ነወዊ ይህንና መሰሎቹን ይዘው ሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ የመጀመሪያው የተበደለ ሰው በደሉን ለሚፈርድለት አካል ማሰማቱ ነው። ሁለተኛውም መጥፎን ለመለወጥ እርዳታ መጠየቅ ነው። ገደቡ ግልጽ ነው። የሚነገረው ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው፣ የሚነገረውም ነገሩ እንዲስተካከል ነው። ሂንድ ስለ ቆንቋናነቱ ተናገረች፤ ስለ መልኩና ስለ ዘሩ አልተናገረችም።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ሁለት ዓይነት ሰው ይወድቃል። አንዱ ሐቅ ማውጣት ነው እያለ የሰው ሥጋ ሲበላ የሚውለው ነው፤ ስልኩን ከፍቶ እገሌ ሌባ፣ እገሊት እንዲህ እያለ ሌሊቱን ያነጋል፣ የጠፋው ግን አይመለስም። ሌላው ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ ባዩ ነው። የመስጂዱ ገንዘብ የት ገባ ሲባል «ተዉ ጊባ ነው» ይላል፤ የልጁ መምህር ከክፍል ሲጠፋ «አላህ ያስተካክለው» ይላል። የመጀመሪያውን ሁላችንም እንመክረዋለን። ሁለተኛውን ግን ወራዕ ያለው ሰው ብለን ከፊት እናሰግደዋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ በሱ ዝምታ ውስጥ የሚበደል ሌላ ሰው አለና።

የዓርቡ ሬዲዮ ሰዓት ከኛ የስልክ ወሬ የሚለይበትን አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚጠየቀው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የከሰሰውም ስልኩ ላይ ነው። ኮጆ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ፣ እንግዳ የሚያዋርዱ ሰው አይደሉም፤ ረጋ ብለው፣ አንዳንዴም ቀልድ ጣል አድርገው ይጠይቃሉ፣ መልሱ ካልመጣ ግን ያንኑ ጥያቄ ይመልሱታል። መልስ መስጠት የሚችል ሰው ፊት የተነገረ ነገር ሐሜትነቱ ይቀንሳል፣ ጥቅሙም ይጨምራል።

ሌላም አለ። ዋሽንግተን ውስጥ እስከ 2008 ድረስ የታክሲ ዋጋ በሜትር ሳይሆን በዞን ነበር የሚሰላው፤ ከተማዋ በካርታ ላይ ተከፋፍላ ስንት ዞን አቋረጥክ ተብሎ ይከፈላል። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በ2007 ሜትር እንዲገባ ሲወስኑ ከተማው ተከፈለ። ተሳፋሪው ዋጋው አይገባኝም፣ እንግዳ ሰው ይታለላል አለ። ሾፌሩ ገቢዬ ይወድቃል፣ የልጆቼ ጉሮሮ ነው ብሎ ሥራ እስከ ማቆም ሄደ። ከነዚያ ሾፌሮች ብዙዎቹ የኛ አገር ሰዎች ነበሩ። እስኪ ፍረዱ። የተሳፋሪውን ብቻ የሰማ ሰው ሾፌሩን አጭበርባሪ ይለዋል፤ የሾፌሩን ብቻ የሰማ ደግሞ ከንቲባውን የድሃ ጠላት ይለዋል። ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል የምንለው ይህን ነው። ግማሽ የሰማ ጆሮ ደግሞ ይብሳል፤ ሰምቻለሁ ይላላ።

በሱረቱ ሷድ ውስጥ ዳውድ (ዐ.ሰ) ዘንድ ሁለት ተከራካሪዎች አጥር ዘለው ገቡ። ዘጠና ዘጠኝ በጎች ያሉት ወንድሜ አንዲቷን በጌን ጠየቀኝ ብሎ አንዱ ተናገረ፣ ዳውድም በደለህ ብለው ፈረዱ። ከዚያ እንደ ተፈተኑ ገባቸውና ምሕረት ለምነው ሱጁድ ወረዱ። ከሙፈሲሮች ፈተናው ሌላውን ሳይሰሙ መፍረዳቸው ነው ያሉ አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊን (ረ.ዐ) ወደ የመን ቃዲ አድርገው ሲልኳቸው፣ ከአንደኛው እንደ ሰሙ ሁሉ ሌላኛውንም እስኪሰሙ እንዳይፈርዱ አዘዋቸዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የዘጠና ዘጠኙ በጎች ባለቤት እንኳ የመሰማት ሐቅ አለው።

ስለ ጋዛ ማልቀስ፣ ስለ ሱዳን መጨነቅ የኢማን ምልክት ነው፤ ይህን ማንም አያቃልልባችሁ። ግን ራሴንም እናንተንም የምጠይቀው አለ። የአሜሪካ ምርጫ ውጤት በየግዛቱ ስንት ስንት እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች፣ ሰፈራችን ውስጥ ውሃ በየስንት ቀን እንደሚመጣ ከራሳችን ቤት አልፈን እናውቃለን? የግቢው አከራይ በክረምት ስንት ቤተሰብ እንዳስወጣስ? የሩቁን ሐዘን ስልካችንን ስንዘጋው ይዘጋል። የቅርቡ ጊዜያችንን ይጠይቃል፣ ወረዳ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ያስይዛል፣ ከሰው ጋር ያጋፍጣል። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ጎረቤት ሐቅ አዘውትረው ሲያሳስቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤት ወራሽ ሊደረግ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ያ ሁሉ ማሳሰቢያ የተፈለገው ጎረቤት ቀላል ስላልሆነ ነው።

ስለ መስጂዳችንም ዝም ብዬ አላልፍም። እኛ የዲን አስተማሪዎች መናገር እናውቅበታለን። ሚንበር አለን፣ ድምፅ ማጉያ አለን፣ ይህ ገጽ አለን። መስማት ግን ብዙም አልለመድንም። በሴቶች በኩል ያለው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ኹጥባው ሳይሰማ ሳምንታት የሚያልፉበት መስጂድ አለ፤ የወንዶቹ ሰፍ ነገሩን አያውቅም፣ ምክንያቱም ማንም ጠይቆ አያውቅም። መዲና ውስጥ ሴቶች መጥተው ወንዶቹ እርስዎ ዘንድ ስለ በረቱብን ለኛ አንድ ቀን ያድርጉልን ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ ቀን ቀጠሩላቸው፣ በቀኑም ሄደው አስተማሯቸው። አቤቱታው ስለ ቦታና ስለ ጊዜ ነበር፤ መልሱም ቦታና ጊዜ ሆነ።

ከእናንተ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ የሚከፍት ላይኖር ይችላል። ግን ሁለት ሦስት ጓደኛ ሆናችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዛችሁ ሰው መጠየቅ ትችላላችሁ። ውሃው ይሁን፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ይሁን፣ የቀብር ቦታው አጥር ይሁን። ስትጠይቁ አትምከሩ፣ ፈትዋም አትስጡ፤ ስሙና ጻፉ። የሚመለከተውን አካልም ስሙ፤ የሱም በጀት፣ የሱም ችግር ይኖራል። ከዚያ የሰማችሁትን ይዛችሁ ሂዱ፣ ያገኛችሁትን መልስ ደግሞ ይዛችሁ ወደ ነገሯችሁ ሰዎች ተመለሱ። ይህቺ መመለስ ናት ብዙ ጊዜ የምትጎድለው። ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ መልስ ካላየ ሁለተኛ አይናገርም። አላህ ዘንድ ተወዳጅ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከሬዲዮው ሰውም የምቀናው በዚህ ነው፤ በድምፃቸው ሳይሆን በሚቀጥለው ዓርብ እዚያው ወንበር ላይ በመገኘታቸው።

የመዲናው ዝናብ ታሪክም በአንድ ጁሙዓ አላለቀም። ሳምንቱ ዞሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ ላይ ሳሉ በዚያው በር አንድ ሰው ገባ። እንደ ቆመ ተናገረ፤ ዝናቡ በዝቶ ንብረት እየጠፋ፣ መንገድ እየተቋረጠ ነውና እንዲቆምልን አላህን ይለምኑልን አለ። ባለፈው ጁሙዓ ዝናብ ጠይቃችሁ አልነበረም ወይ አልተባለም። እጃቸውን አነሱ፤ በላያችን ሳይሆን በዙሪያችን፣ በኮረብታው፣ በሸለቆው፣ ዛፍ በሚበቅልበት እንዲያደርገው ለመኑ። ዝናቡ ቆመ፤ ሰዎቹ ከመስጂድ ሲወጡ በፀሐይ ነበር የሄዱት። ሐዲሱን ከአነስ የሰማው ሸሪክ፣ ሁለተኛው ሰውዬ ያ የመጀመሪያው ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አነስ የደመናዋን ቅርጽ፣ የመጣችበትን ተራራ፣ ሰውየው የገባበትን በር ሳይቀር ያስታውሳሉ። ስለ ሰውየው ግን አላውቅም አሉ።